አሸናፊ በመጣ ቁጥር የሚበተን ሠራዊት

ከማውንቴን ቪው፣ ካሊፎርኒያ

“ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ” ይላል ያገራችን ሰው። በስደት በምንኖር ኢትዮጵያውያን ዘንድ ስለ መጪው ሽግግር የማይጻፍና የማይነገር ነገር የለም። ሕገ መንግሥቱ ይሻሻል ወይስ ከነአካቴው ይቀየር፣ ምርጫው መቼ ይሁን፣ የሽግግር ምክር ቤቱ ስንት ወንበር ይኑረው፤ በዚህ ሁሉ ላይ ከዋሽንግተን እስከ ሳን ሆዜ ባሉ አዳራሾች ስንከራከር ዓመታት አልፈዋል። አንድ ጥያቄ ሲነሳ ግን ክርክሩ ባጭሩ ይቀጫል። ይህ መንግሥት ዛሬም ይሁን ነገ ሲለወጥ፣ አሁን ያለውን መከላከያ ሠራዊት ምን ልናደርገው ነው? ከአዳራሹ ኋላ የሚመጣው መልስ ባለ አንድ ቃል ነው፦ “ይበተናላ!” ጭብጨባም ይከተለዋል።

ይህ ጸሐፊ የሚሞግተው ያንን ጭብጨባ ነው። የምሞግተው ለሠራዊቱ አዛዦች ጥብቅና ለመቆም እንዳልሆነ ከወዲሁ ይታወቅልኝ። በጥር 2016 ዓ.ም. በመራዊ ከተማ ቢያንስ 45 ሰላማዊ ሰዎች በመንግሥት የጸጥታ ኃይሎች መገደላቸውን የኢትዮጵያ ሰብአዊ መብቶች ኮሚሽን ራሱ መስክሯል። በትግራይ ጦርነት ወቅት በእናቶችና በእኅቶች ላይ የተፈጸመው ግፍ ገና ፍርድ አላገኘም። እነዚህ ወንጀሎች ባለቤት አላቸው፤ ባለቤቶቹም በስማቸው ተጠርተው ፍርድ ቤት መቆም ይገባቸዋል። የኔ ጥያቄ ሌላ ነው። አንድን ብሔራዊ ሠራዊት በጅምላ መበተን ምን እንደሚያስከትል ከኛ ከኢትዮጵያውያን ይልቅ የሚያውቅ ሕዝብ በዓለም ላይ ብዙ አይገኝም። አድርገነው አይተነዋል። ታዲያ ስለምን ዳግም እንመኘዋለን?

እስቲ ወደ ኋላ መለስ ብለን ሠራዊቱ እንዴት የመንግሥት መለወጫም፣ የመንግሥት መለወጥ ሰለባም እንደ ሆነ እንመልከት።

ወታደሩ ወደ ፖለቲካ የገባው በርዕዮተ ዓለም በር አልነበረም፤ በምግብና በውሃ በር ነው። በጥር 1966 ዓ.ም. በነገሌ ቦረና የሰፈረው የምድር ጦር ምግቡና ውሃው ቢመረው፣ ጉዳዩን እንዲያጣሩ ከአዲስ አበባ የተላኩትን ሌተና ጄኔራል ድረሴ ዱባለን ይዞ “እኛ የምንቀምሰውን ቅመሱ” አላቸው። ከዚያ ግማሽ ዓመት ሳይሞላ፣ ሰኔ 21 ቀን፣ ከየክፍሉ የተወከሉ አንድ መቶ ሃያ ያህል ወታደሮች አራተኛ ክፍለ ጦር ግቢ ውስጥ ተሰብስበው ደርግ ተባሉ። መስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥቱን ከቤተ መንግሥታቸው አወረዱ። የዙፋኑ ጠባቂ የነበረው ራሱ ዙፋኑ ላይ ተቀመጠ ማለት ነው።

አብዮቱ ቀድሞ መብላት የጀመረው የወለደውን ሠራዊት እንደ ሆነ ግን ብዙ ጊዜ ይረሳል። ደርግን በመጀመሪያ በሊቀ መንበርነት የመሩት ሌተና ጄኔራል አማን ሚካኤል አንዶም ሊቀ መንበር በተባሉ በሦስተኛው ወር፣ ኅዳር 14 ቀን 1967 ዓ.ም.፣ ስድሳዎቹ ባለሥልጣናት በተረሸኑበት ዕለት ሕይወታቸው አለፈ። ከዚያ በኋላ ያለው አሥራ ሰባት ዓመት የሁለት ሠራዊቶች ታሪክ ነው። አንደኛው የሶማሊያን ወረራ ለመመከት በ1969 ዓ.ም. ታጠቅ ጦር ሰፈር ገብቶ ከሠለጠነው ሦስት መቶ ሺህ ሚሊሺያ ጋር ሆኖ፣ የካቲት 26 ቀን 1970 ዓ.ም. ካራማራ ላይ ድል ያደረገው፣ ዛሬም ድረስ ቀኑ የሚዘከርለት ሠራዊት ነው። ሁለተኛው ደግሞ ሐውዜን ላይ ሰኔ 15 ቀን 1980 ዓ.ም. በገበያ ቀን ቦምብ ያዘነበው ነው። ያው አንድ ሠራዊት ነው፤ አዛዡም አንድ ነው። ያዘዘውና የታዘዘው ግን በአንድ ሚዛን አይመዘኑም፤ ኋላ ላይ የምመለስበት ነጥብ ስለ ሆነ አንባቢ ይያዝልኝ።

ኮሎኔል መንግሥቱ ሠራዊቱን በሦስት ገመድ አሰሩት፤ በአዛዡ፣ በፖለቲካ ኮሚሳሩና በወታደራዊ ደኅንነቱ። ማንም ማንንም አያምንም። በ1975 ዓ.ም. የታወጀው ብሔራዊ ውትድርና ልጆችን ከየመንደሩ እያፈሰ ጨመረበት። በየካቲት 1980 ዓ.ም. ብርጋዴር ጄኔራል ታሪኩ ዓይኔ በጦር ግንባር ተረሸኑ፤ በማግሥቱ ወር አፋቤት ላይ የናደው ዕዝ ፈረሰ። የግንቦት 8 ቀን 1981 ዓ.ም. መፈንቅለ መንግሥት ሲከሽፍ ኤታማዦር ሹሙ ሜጀር ጄኔራል መርዕድ ንጉሤና የአየር ኃይሉ አዛዥ ሜጀር ጄኔራል አምሃ ደስታ ሞቱ፤ በዓመቱም አሥራ ሁለት ጄኔራሎች ተረሸኑ። እንግዲህ ግንቦት 1983 ዓ.ም. ሲመጣ የቀረው አካል እንጂ ራስ አልነበረም። ሠራዊቱን ኢሕአዴግ ብቻ አልበተነውም፤ ጭንቅላቱን የቆረጠው ግንቦት 13 ቀን ወደ ዚምባብዌ የበረረው ሰው ነው።

ነገር ግን ራስ የሌለው አካልም አካል ነው። ወደ ግማሽ ሚሊዮን የሚጠጋ ሰው ነበር።

ያን ሰሞን ይህ ጸሐፊ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ነበር። ከስድስት ኪሎ እስከ ፒያሳ ድረስ በየአጥር ጥጉ፣ በየቤተ ክርስቲያኑ ደጅ ከነዩኒፎርማቸው የተቀመጡትን፣ ማዕረጋቸውን ከትከሻቸው ፈትተው በኪሳቸው ይዘው እጃቸውን የሚዘረጉትን ያየ ሰው ሊረሳቸው አይችልም። ከኤርትራ የተባረረው በእግሩ ነው፤ ሚስትና ልጅ ይዞ በረሃ ያቋረጠ፣ በመንገድ የቀረም ብዙ ነው። የባሕር ኃይል መርከቦች ወደ የመን ሸሹ። የአየር ኃይል ሰዎች ጅቡቲ ገቡ። ሌላው ወደ ሱዳንና ወደ ኬንያ ተሻገረ። የቀረው በጦላይና በሌሎች ካምፖች ተሰብስቦ፣ ስለ ወንጀሉ ተሐድሶ ትምህርት ተሰጥቶት፣ ወደየመጣበት ተሸኘ።

ለፍርድ ያህል፣ ምንም አልተደረገም ማለት ሐሰት ነው። የቀድሞ ሠራዊት አባላትን የሚያቋቁም ኮሚሽን በሰኔ 1983 ዓ.ም. ተቋቁሟል፤ ወደ ገጠር ለተመለሰው እህል፣ ዘር፣ ለአንዳንዱም የእርሻ በሬ ተሰጥቷል። ከውጭ ያጠኑት ሰዎች ይህንን እንደ ስኬት ሲያወድሱት እናነባለን። ገበሬው ወደ ገበሬነቱ ተመለሰ፤ ይህ እውነት ነው። ነገር ግን ሃያ ዓመት በውትድርና ያገለገለ ሃምሳ አለቃ፣ ከሆለታ ወይም ከሐረር አካዳሚ የተመረቀ መኮንን፣ ሞስኮ የተማረ የራዳር ባለሙያ በሬ ቢሰጠው ምን ያደርግበታል? የተወሰደበት ደመወዝ ብቻ አይደለም፤ ስሙም ነው። ካራማራ የዘመተውም፣ ኮንጎ የሄደውም፣ አንድም ሰው ያልገደለው የሒሳብ ሹምም “የደርግ ወታደር” ተባለ።

እዚህ ላይ የማውቃቸውን አንድ ሰው ላንሳ። ሳን ሆዜ ነዋሪ ናቸው፤ ጋሼ እያልን የምንጠራቸው፣ የታንክ መካኒክ የነበሩ፣ አሁን በጡረታ ዕድሜ የሰው መኪና የሚያቆሙ። ስማቸውን አልጠቅስም። “እኔን ሁለት ጊዜ ነው የበተኑኝ” ይላሉ ሲቀልዱ። በ1983 ዓ.ም. ከጦላይ ወጥተው መርካቶ ውስጥ በብየዳ ሥራ ኑሯቸውን ጀመሩ። በግንቦት 1990 ዓ.ም. ሻዕቢያ ባድመን ሲይዝ “አገር ተወረረች፣ ባለሙያ ይፈለጋል” ተባለና ተጠሩ። ሄዱ። “ወያኔ ሆኖ ነው የጠራኝ ብዬ አልቀረሁም፤ ታንኩ እኮ ያው ድሮ የማውቀው ነው” ይላሉ። ጦርነቱ አልቆ ታኅሣሥ 3 ቀን 1993 ዓ.ም. አልጀርስ ላይ ከተፈረመ በኋላ ዳግም ተሸኙ።

የጋሼ ታሪክ የአንድ ሰው ዕድል ብቻ አይደለም። በባድመው ጦርነት የተጠሩት የቀድሞ አብራሪዎች፣ መድፈኞችና ታንከኞች ብዙ ነበሩ፤ ከእስር ቤት ወጥተው ወደ አውሮፕላን የተወሰዱም ነበሩባቸው። በዚያን ጊዜ በግል ጋዜጣ እሠራ ነበርና የሚደርሱንን ደብዳቤዎች አስታውሳለሁ። አብዛኛዎቹ ስለ ፖለቲካ አልነበሩም። “የአገልግሎት ዘመኔ ይቆጠርልኝ” የሚሉ ነበሩ። የሥራ መዝገቡ እንዲገኝለት የሚለምን፣ ቁስሉ በአገልግሎት ላይ የደረሰበት መሆኑ እንዲጻፍለት የሚጠይቅ። የሚበተን ሠራዊት መዝገቡም አብሮት ይበተናል፤ ይህን ከቢሮው ውጭ ያለ ሰው ብዙ ጊዜ አያስበውም።

ባዶ የቀረውን ቦታ ማን ሞላው? ለዚህ ጥያቄ ሁላችንም መልሱን እናውቀዋለን፤ ይሁን እንጂ ከመልሱ የሚገባንን ትምህርት አልወሰድንም። አሸናፊው የድርጅት ጦር የአገር ጦር ተባለ። በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 87 ላይ የሠራዊቱ አባላት የብሔር ብሔረሰቦችን ሚዛናዊ ተዋጽኦ እንዲያካትቱ፣ የመከላከያ ሚኒስትሩ ሲቪል እንዲሆን፣ ሠራዊቱም ከማንኛውም የፖለቲካ ድርጅት ወገናዊነት ነጻ ሆኖ እንዲሠራ ይደነግጋል። ጽሑፉን የሚነቅፍ የለም። እንደ እውነቱ ግን ከ1983 እስከ 1993 ዓ.ም. ኤታማዦር ሹም የነበሩት ጻድቃን ገብረ ትንሣኤ፣ ከእሳቸው በኋላ እስከ ሰኔ 2010 ዓ.ም. አሥራ ሰባት ዓመት የቆዩት ሳሞራ የኑስ፣ ተከትለዋቸው የመጡት ሰዓረ መኮንንም ሁሉም ከአንድ ድርጅት በረሃ የመጡ ናቸው። ይህን የምለው የነዚህን ሰዎች ብሔር ለመቁጠር አይደለም፤ በየገጹ ሲቆጠር ከርሟል፤ ከቆጠራው ጥላቻ እንጂ መፍትሔ አላተረፍንም። የምለው ሌላ ነው። አሮጌው ሠራዊት እንዲበተን በጭብጨባ የፈቀደ ሕዝብ፣ አዲሱ የማን እንደሚሆን ለመወሰን በእጁ ምንም አልቀረለትም ነበር።

ፍሬውን በ1997 ዓ.ም. አየነው። በግንቦት 7 የምርጫ ዕለት ማታ አቶ መለስ ዜናዊ ሰልፍ ከለከሉ፤ የጸጥታ ኃይሉንም በቀጥታ በራሳቸው ዕዝ ሥር አደረጉ። በዚያ ዓመት ሰኔና በተከታዩ ጥቅምት አዲስ አበባ ላይ የሆነውን የመንግሥት አጣሪ ኮሚሽን ራሱ ሲመረምር 193 ሰላማዊ ሰዎች መገደላቸውን አገኘ፤ ይህን ያገኙት የኮሚሽኑ መሪዎችም እንደኛው አገር ጥለው ወጡ። በ2002 ዓ.ም. ደግሞ የብረታ ብረትና ኢንጂነሪንግ ኮርፖሬሽን ተቋቋመና ወታደሩ ነጋዴ ሆነ። ስኳር ፋብሪካ ሠሪ፣ የሕዳሴው ግድብ የኤሌክትሮ ሜካኒካል ሥራ ተቋራጭ። ግድቡን በ2010 ዓ.ም. መጨረሻ ተነጠቀ፤ ዋና ዳይሬክተሩ የነበሩት ሜጀር ጄኔራል ክንፈ ዳኘው በኅዳር 2011 ዓ.ም. ታሰሩ። ጠመንጃም፣ የመንግሥት ገንዘብም፣ ኦዲተር የማይገባበት ግቢም በአንድ እጅ ከተያዘ የሚመጣው ይኸው ነው።

ከዚያ “ለውጡ” መጣ። ለውጡ ሠራዊቱን ከፓርቲ ያላቅቀዋል ብለው የጠበቁ ብዙዎች ነበሩ። መስከረም 30 ቀን 2011 ዓ.ም. ከሁለት መቶ የሚበልጡ ወታደሮች ደመወዛችን ይጨመር ብለው ከነመሣሪያቸው ወደ ቤተ መንግሥት ሄዱ። ጠቅላይ ሚኒስትሩ ፑሽ አፕ አሠሯቸው፤ አብረዋቸውም ሠሩ፤ ሁሉም ሣቀ፤ ፎቶግራፉ ዓለምን ዞረ። ይህ ጸሐፊ ያን ፎቶግራፍ ባየ ጊዜ የታወሰው ነገሌ ቦረና ነው። የወታደር ምግብና ደመወዝ በሕግ መስመር ካልተፈታ ወታደሩ ወይ ወደ ቤተ መንግሥት ይሄዳል፣ ወይ ቤተ መንግሥቱን ይወስዳል። በዚያው ዓመት፣ ሰኔ 15 ቀን 2011 ዓ.ም.፣ በአንድ ሌሊት የአማራ ክልል መሪዎች ባሕር ዳር ላይ፣ ኤታማዦር ሹሙ ጄኔራል ሰዓረ መኮንንና በጡረታ ላይ የነበሩት ሜጀር ጄኔራል ገዛኢ አበራ ደግሞ አዲስ አበባ ላይ ተገደሉ።

ጥቅምት 24 ቀን 2013 ዓ.ም. ሌሊት የሰሜን ዕዝ ተመታ። በአንድ ሰፈር አብረው እንጀራ የቆረሱ ሰዎች ተታኮሱ። ያን ጊዜ ምን ተደረገ? ከዓመታት በፊት ከሠራዊቱ የተገለሉ ጄኔራሎች፣ እነ አበባው ታደሰ፣ እነ ዮሐንስ ገብረ መስቀል፣ እነ ባጫ ደበሌ፣ ከቤታቸው ተጠሩ። ልክ በ1990 ዓ.ም. እንደ ሆነው። በሌላኛውም ወገን ጡረታ የወጡት ጻድቃን ገብረ ትንሣኤ የትግራይን ጦር ሊመሩ ዩኒፎርም ለበሱ። ኢትዮጵያ በሰላሙ ቀን የጣለችውን ባለሙያ በጦርነቱ ቀን ስትለቅም ሁለት ትውልድ አለፋት።

ስለ ልዩ ኃይሎች ጥቂት ማለት ግድ ነው። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 52 ለክልሎች የፈቀደው ፖሊስ እንዲያቋቁሙ ነው። በሶማሌ ክልል “ልዩ ፖሊስ” ተብሎ የተጀመረው ግን በየክልሉ ተባዝቶ ጦር ሆነ። መጋቢት 28 ቀን 2015 ዓ.ም. መንግሥት ልዩ ኃይሎችን ወደ መከላከያ፣ ወደ ፌዴራልና ወደ ክልል ፖሊስ አስገባለሁ ብሎ አወጀ። በመርህ ደረጃ የተባለው ትክክል ነበር፤ ይህን ስል ከወዳጆቼ የሚደርስብኝን ወቀሳ አውቃለሁ። አንድ አገር አሥራ አንድና አሥራ ሁለት ሠራዊት ይዞ አይኖርም። ጎረቤታችን ሱዳን ፈጥኖ ደራሹን ኃይል በ2017 (እ.ኤ.አ.) በሕግ አቋቁማ ሁለት ሠራዊት ይዛ ለመኖር ሞክራ፣ ሚያዝያ 15 ቀን 2023 (እ.ኤ.አ.) ካርቱም የሆነችውን ሆነች። ስህተቱ አፈጻጸሙ ላይ ነው። ማዕረጌ ምን ይሆናል፣ የት እመደባለሁ፣ ቀዬዬን ነገ ማን ይጠብቃል ለሚለው የአማራ ልዩ ኃይል አባል ተጨባጭ መልስ የሰጠው አልነበረም። በአዋጅ ተነገረው። ብዙው ከነትጥቁ ወጣ፤ ሐምሌ 28 ቀን የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ታወጀ፤ ተከትሎ የመጣውን ሁላችንም እናውቃለን። ይህም መበተን ነው፤ በትንሹ የተደገመ 1983።

ከኛ ውጭ ያለውንም ብናይ ያው ነው። አሜሪካኖች ባግዳድ በገቡ ባንድ ወር ከመንፈቅ ውስጥ፣ ግንቦት 23 ቀን 2003 (እ.ኤ.አ.)፣ አስተዳዳሪያቸው ፖል ብሬመር በአንዲት ትእዛዝ ወደ አራት መቶ ሺህ የሚጠጋውን የኢራቅ ጦር በተኑ። ደመወዙን ያጣው መኮንን የቦምብ ሙያውን ይዞ ወደ ሽምቅ ገባ፤ ከዓመታት በኋላ ሞሱልን የያዘው “እስላማዊ መንግሥት” ከአዛዦቹ ብዙዎቹ የሳዳም መኮንኖች ነበሩ። ደቡብ አፍሪካ ግን በ1994 (እ.ኤ.አ.) የአፓርታይዱን ጦር፣ የኤኤንሲን ክንፍ፣ የፓን አፍሪካኒስቱን ክንፍና የአራቱን ባንቱስታኖች ጦር አንድ ላይ አዋሐደች። የአዲሱ ሠራዊት የመጀመሪያ አዛዥ ማን ሆነ? የአሮጌው ጦር አዛዥ የነበሩት ጄኔራል ጌኦርግ ሜይሪንግ። ከነጻነት ታጋዮቹ ወገን የሆኑት ሲፊዌ ንያንዳ የተተኩት በ1998 (እ.ኤ.አ.) ነው። ማንዴላ ያን ጦር ወድደውት አይደለም። ሃያ ሰባት ዓመት ያሰራቸውን ሥርዓት የጠበቀ ጦር ነው። ከውጭ አድፍጦ ከሚጠብቅ ጠላት ይልቅ ውስጥ ሆኖ የሚታዘዝ ወታደር እንደሚሻል ገብቷቸው ነው።

እዚህ ከምኖርባት ከማውንቴን ቪው ከተማ ጥግ ሞፌት ፊልድ የሚባል የቀድሞ የባሕር ኃይል አየር ጣቢያ አለ። የአየር መርከብ ማቆያ የነበረው ግዙፍ ሕንፃው ከአውራ ጎዳና 101 ላይ ሆኖ ይታያል፤ ብዙዎቻችሁ አልፋችሁበታል። ቀዝቃዛው ጦርነት ሲያበቃ ጣቢያው እንዲዘጋ በሕግ ተወሰነ፤ በ1994 (እ.ኤ.አ.) ተዘግቶም ለናሳ ተላለፈ። የኦክላንዱ ጦር ሰፈርም ከአምስት ዓመት በኋላ ተዘጋ። ሰፈሩ ሲዘጋ ግን የወታደሩ የአገልግሎት ዘመን አብሮ አልተዘጋም። በሳን ሆዜ ድልድዮች ሥር የሚያድር የቀድሞ ወታደር አለ፤ አልክድም፤ አሜሪካም ገነት አይደለችም። ቢሆንም ስሙ መዝገብ ላይ አለ፤ ጎረቤታችን ፓሎ አልቶ ለቀድሞ ወታደሮች የተሠራ ሆስፒታል አለ፤ ፕሬዚዳንት በተለወጠ ቁጥርም “የእገሌ ወታደር” ተብሎ ከበሩ አይመለስም። ጋሼ ሳን ሆዜ ሆነው ይህን ሲያዩ ምን እንደሚሰማቸው ጠይቄያቸው አላውቅም።

“ይህ ሠራዊት እኮ ሕዝብ ላይ የተኮሰ ነው” የሚለው ሙግት ቀላል አይደለም፤ እንደ ቀላልም አልመልሰውም። ከላይ ያዘዘውና የታዘዘው በአንድ ሚዛን አይመዘኑም ያልኩት ለዚህ ነው። ከ1983 ዓ.ም. በኋላ ሁለት ነገር ጎን ለጎን ተደርጓል። በ1984 ዓ.ም. ልዩ ዐቃቤ ሕግ ተቋቁሞ የደርግ ባለሥልጣናት በስማቸው ተከሰሱ፤ በ1999 ዓ.ም. ኮሎኔል መንግሥቱ በሌሉበት ጥፋተኛ ተባሉ። ሂደቱ ረጅምና ጉድለት የበዛበት ቢሆንም ወንጀልን በሰው ስም መጥራት መንገዱ ያ ነው። በዚያው ጊዜ ደግሞ ግማሽ ሚሊዮን ሰው ያለ ክስ፣ ያለ ምስክር፣ ያለ ፍርድ ተቀጣ። የመጀመሪያውን ማሻሻል እንጂ ሁለተኛውን መድገም ለሟቾቹ ፍትሕ አይሆንም። ደግሞስ ዛሬ በየምሽጉ ያለው ልጅ ማን ነው? የሰብአዊ መብቶች ኮሚሽኑ በ2017 ዓ.ም. በኦሮሚያ ዕድሜያቸው ያልደረሰ ልጆች ጭምር ተይዘው ለውትድርና እንደሚወሰዱ ዘግቧል። ከመንደሩ ታፍሶ የተወሰደ የአሥራ ሰባት ዓመት ልጅን “የብልጽግና ወታደር” ብለን ነገ ልናባርረው ነው?

ሌላም አለ። ከጥቅምት 23 ቀን 2015 ዓ.ም. የፕሪቶሪያ ስምምነት በኋላ የተቋቋመው ብሔራዊ ተሐድሶ ኮሚሽን ከ370 ሺህ በላይ የቀድሞ ተዋጊዎችን ለማቋቋም አቅዶ ተነሳ። በመቐለ ሥራውን በተግባር የጀመረው ግን ከስምምነቱ ሁለት ዓመት ዘግይቶ፣ በኅዳር 2017 ዓ.ም. ነው። በዚህ ላይ አማራ ክልል ውስጥ መሣሪያ ያነሳው፣ ኦሮሚያ ውስጥ ያለው፣ ነገ ከሠራዊቱ የሚቀነሰው ሲደመር አገሪቱ ከ1983 ዓ.ም. የሚበልጥ እንጂ የማያንስ የታጣቂ ቁጥር ይጠብቃታል። ይህን ሁሉ ሰው በአንዲት የድል ማግሥት ቃል እንበትነዋለን ማለት ምን ማለት እንደ ሆነ አንድ ሰው ይንገረኝ።

በውጭ ያለን ድርጅቶች ባወጣናቸው የሽግግር ሰነዶች ውስጥ ስለ ሠራዊቱ የሚነበበው ብዙ ጊዜ አንድ ዐረፍተ ነገር ነው፦ “ገለልተኛና ብሔራዊ ሠራዊት ይገነባል።” ይህን ኢሕአዴግም ጽፎታል፤ አንቀጽ 87ን ተመልከቱ። ወታደሩ ማወቅ የሚፈልገው ይህን አይደለም። መንግሥት በተለወጠበት ወር ደመወዙ ይከፈለዋል ወይ? የአገልግሎት ዘመኑና ጡረታው ይቆጠርለታል ወይ? በግሉ ወንጀል ያልሠራ ከሆነ በየትኛው ማስረጃ፣ በየትኛው አካል ፊት ነጻነቱ ይረጋገጥለታል? ከጫካ የሚመጣው ታጋይ ጄኔራል ሆኖ ሲገባ እሱ አሥር ዓመት የለፋበት ማዕረግ ምን ይሆናል፤ ወይስ ሁለቱም በአንድ ፈተናና በአንድ ሥልጠና ያልፋሉ? ፋብሪካና የንግድ ድርጅት ከሠራዊቱ እጅ ይወጣል ወይ፤ በጀቱንስ ፓርላማ ያየዋል ወይ?

በሚቀጥለው ስብሰባ ሰነድ ይዛችሁ የምትቀርቡ ወገኖቼ ሆይ፣ ለነዚህ ጥያቄዎች መልስ የያዘች አንዲት ገጽ ጨምሩበት። ገጿ ለኛ ለአዳራሹ ሰዎች ሳትሆን፣ ጦር ሰፈር ውስጥ በእጅ ስልኩ ተደብቆ ለሚያነባት ሃምሳ አለቃ ተብላ ትጻፍ። በአማርኛ ብቻም አትቅር፤ በኦሮምኛ፣ በትግርኛ፣ በሶማልኛም ትተርጎም። ረቂቁን ከመነሻው የሚያርሙ፣ የሠራዊቱን ደመወዝ አከፋፈልና የጡረታ መዝገብ የሚያውቁ የቀድሞ መኮንኖች ከኦክላንድ እስከ ዳላስ ሞልተዋል። ማንም ስላልጠየቃቸው ነው ዝም ያሉት።